ቱና፣ ቦሎቄና የአባ ፍሬን ጥርስ

ባለቤቴ ኩሽና ገብታ በሩን ስትዘጋ የቤቱ ሰው በሙሉ ደነገጠ። የቤቱ ሰው በሙሉ ማለት እኔ ነኝ።

በእኛ ቤት የኩሽናው ሰው እኔ ነኝ። ሶፋ አልባሽ ስለሆንኩ ሥራዬ ያለው እዚያው ምድር ቤት ነው። ድስት ጥጄ እወርዳለሁ፣ ስፖንጅ ቆርጬ እወጣለሁ። እሷ ደግሞ ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪሙ የሚልክላትን የሰው ድድ በጀሶ ስትቀዳ፣ በሰም ስትሞላ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትደረድር ውላ ትመጣና እንቁላል ጥበሺ ስትባል መጥበሻው የት እንዳለ ትጠይቃለች። ላማት ብዬ አይደለም። የማታውቀውን ሰው አፍ ከነጉርብጡ በጣቷ የምታስታውስ ሴት መጥበሻ ብትረሳ አይፈረድባትም።

«የጣሳ መክፈቻው የት ነው?» አለች ከውስጥ።

ያን ጊዜ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

ነገሩ የአባቷ ነገር ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አብረውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ፣ ኋላም መንጃ ፈቃድ ሲፈትኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አባ ፍሬን ነው የሚላቸው። ከተማሪው ጎን ቁጭ ብለው ድንገት «ፍሬን!» ሲሉ መንገድ የምታቋርጥ ድመት እንኳ ባለችበት ቀጥ ትል ነበር ይባላል። ተማሪ መኪናውን ሲያማ አይወዱም። መሪው ከበደኝ፣ ማርሹ አልገባ አለኝ ላለ ሰው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መኪናው ምንም አልሆነም። አንተ ነህ።»

የቀሩት የፊትና የጎን ጥርሶቻቸው ሲነቀሉ ሙሉውን አዲስ የሠራችላቸው ባለቤቴ ናት። ለማንም ደንበኛ እንደዚያ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። የሠርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ ይዛው ሥራ ቦታ ሄደች። ፎቶው ላይ አባ ፍሬን ጎረምሳ ናቸው። ሙሽራዪቱን ሳይሆን ፎቶ አንሺውን እያዩ ይስቃሉ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው ረዘም ብለው ከቀሩት ቀድመው ይታያሉ። ያንን ሳቅ ነው መልሳ ያመጣችው። መጀመሪያ ቀን አድርገውት መስታወት ፊት ቆመው ሲስቁ እሷ ከኋላ ቆማ አለቀሰች። እኔም ዓይኔን ትንሽ አሸት አሸት አደረግሁ። የስፖንጅ ብናኝ ነው።

ከዚያ በኋላ «ይመችሃል አባዬ?» ስትላቸው «ራሴ እንዳበቀልኩት ነው!» ይላሉ።

ብቻ ሰውየው ይከሱ ጀመር። ምሳ ሲቀርብ «ቅድም በልቻለሁ»፣ እራት ሲቀርብ «ሆዴን ነፍቶኛል»። ሾርባ የተሠራ ቀን ሳህናቸውን ይዘው፣ ዜና አመለጠኝ ብለው፣ ክፍላቸው ገብተው ይዘጋሉ። ሱሪያቸው አልይዝ ሲል ከእኔ መሣሪያ ሣጥን መብሻ ወስደው ቀበቶአቸውን በሱት። አንገታቸው በሸሚዛቸው ኮሌታ ውስጥ እንደ ማንኪያ በብርጭቆ ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው። በመጨረሻ በዚህ ሳምንት እህታቸው ጋ ሊሄዱ መሆኑን ነገሩን።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«እስከ መቼ?» አለች ባለቤቴ።

«ኧረ እዚያው ልክረም እንጂ። እናንተም ቤታችሁ ይስፋችሁ።»

«እኛ ጠቦናል አልን?»

«እናንተማ አትሉም።» ብለው ተነሡ። ሲነሡ ወንበሩን ይዘው ነው የተነሡት።

ባለቤቴ በሩ ከተዘጋ በኋላ «ምን አስቀይመነው ነው?» አለችኝ። እኔ ምን ላውቅ። ከቤት ሊወጡ ነው፤ ደግሞ እንዲህ እንደ ከሱ ከወጡ መመለሳቸውም ያጠራጥራል። ይህን ሁለታችንም አስበነዋል፤ ሁለታችንም አልተናገርነውም።

ምስጢሩ የወጣው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ምላጭ አንገትህ ላይ ያደረገ ሰው ሲያወራ አታቋርጠውም።

«አማትህ ጥርሳቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ታውቃለህ?»

«አፋቸው ውስጥ ነዋ!»

«እሱ ለሰላምታ ነው። ሻይ ሲመጣ ዞር ይሉና አውልቀው፣ በመሐረብ ጠቅልለው፣ ወደ ኮት ኪስ። ከዚያ ብስኩታቸውን ነክረው ይውጣሉ። ‘ምነው ጋሼ፣ አልሆንዎትም እንዴ?’ ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አሉህ?»

«‘ጥርሱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ። ልምምድ ላይ ነኝ።’» ምላጩን ጠረገና «ለልጃቸው እንዳትነግር፤ አስምለውኛል» አለ።

እሺ አልኩት። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት።

ባለቤቴ ሰምታ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ የሥራ ዝምታ ነው፤ ውስጡ ነገር ይቆረጣል፣ ይሞረዳል።

«እኔን ላለማስቀየም በረሃብ ሊሞትልኝ ነው» አለች።

«ጠይቂያቸዋ።»

«ስጠይቀው እንዳበቀልኩት ነው ይለኛላ! ነክሰህ አሳየኝ ብለው ደግሞ ይነቃል። ያን ጊዜማ ቅዳሜንም አይጠብቅ።» ጥቂት አሰበች። «ሳያውቅ ነው መንከስ ያለበት። ነክሶ፣ የጥርሱን ቅርጽ ትቶልኝ፣ እኔ የቱ ቀድሞ እንደሚያርፍ ካየሁ ይበቃኛል።»

«ምን ላይ ነው የሚነክሱት?»

«እሱን እኮ ነው የማስበው። ዳቦ ብቻውን ተመልሶ ያብጣል። ቅቤ ይዋጣል። ቅርጽ የሚይዝ ግን የሚበላ ነገር... ቱና አለን?»

«አለ።»

«ቦሎቄስ?»

«ቀቅዬ አስቀምጫለሁ፤ ለእሳቸው ሾርባ።»

«ሾርባው ይቅር» ብላ ነው እንግዲህ ኩሽና ገብታ የዘጋችው።

የጣሳ መክፈቻውን ይዤ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። ያየሁትን ላውራ። ስንት ዓመት ድስት ሳማስል የኖርኩ ሰው፣ ምግብ ሲሠራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ቱናውን ማጥለያ ላይ ገለበጠችና በማንኪያ ጀርባ ተጫነችው። ዘይቱ ወረደ። እንደገና ተጫነችው። እኔ ብሆን በቃ ብዬ ነበር። እሷ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ እርጥብ ካልሲ ጠመዘዘችው። «የሚያለቅስ ነገር ቅርጽ አይዝም» አለች። ከዚያ ቦሎቄውን ወደ ፊቷ ሳበችና አንድ በአንድ አንስታ፣ በሁለት ጣቷ ጨመቅ እያደረገች፣ ከልጣጩ ታስወጣው ጀመር። ነጩ ፍሬ ሹልክ ብሎ ሳህኑ ላይ ይወድቃል፤ ልጣጩ ጣቷ ላይ ይቀራል።

«አንቺ ሴት፣ ቦሎቄ ይላጣል እንዴ?»

«ልጣጩ ከጥርሱ ሥር ከገባ ድዱን እንደ ጠጠር ነው የሚፈጀው። አንተ ጫማህ ውስጥ ጠጠር ይዘህ ትሄዳለህ?»

አልሄድም። እኔም ቁጭ ብዬ እልጥ ጀመር። የእኔ ግማሹ እየፈነዳ ግድግዳ ላይ ቀረ።

ከተላጠው አብዛኛውን በሹካ ፈጨችው፤ የቀረውን ሙሉውን ተወችው። የተፈጨው ቱናውን እንዲያያይዝ ነው፤ ሙሉው ጥርስ የሚያርፍበት እንዲያገኝ። ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ አደቀቀችው። ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቃ ፍሬውን በማንኪያ ጠርጋ ጣለች፤ ሥጋውን ብቻ ከተፈች። ሎሚ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ማዮኔዙን ስትጨምር እጇ ጀሶ እንደሚያቦካ እጅ ሆነ። ከጎድጓዳው ሳህን ጎን እየጠረገች፣ ትንሽ ጨምራ፣ አዙራ፣ እንደገና ትንሽ። ስትጨርስ ሳህኑን አንስታ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አረፋ እንዲወጣ።»

«ቱና አረፋ አለው?»

ቆም አለችና ሳህኑን አየች። «ጀሶ ነው ያለው» አለች። ግን አንድ ጊዜ ደግማ መታ አደረገችው።

ማንኪያ ሙሉ አነሣችና ዘቀዘቀችው። ቷ ብሎ ወደቀ። ቦሎቄ ፈጭታ ጨመረች። ዘቀዘቀችው፤ አሁን ማንኪያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በአንድ የዳቦ ቁራጭ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ዘርግታ፣ ሌላውን ከደነችበትና በመክተፊያው ትንሽ ተጫነችው። የተሰነጠቀ የለም፣ የፈሰሰ የለም። እኔ ስሠራ ቱናው በሦስት በኩል ነው የሚያመልጠው።

«ጠርዙን ልቁረጥልሽ?» አልኩ፣ ለመጥቀም ያህል።

«ተው! ጠርዝ የሌለው ዳቦ ካየ የሽማግሌ ምግብ ነው ይላል፤ አይነካውም። ለሦስታችንም አንድ ዓይነት ነው የማቀርበው።» ቆርጣ ወደ አፌ አስጠጋች። «እስከ መንጋጋህ አስገብተህ ንከስ። አትቦጭቀው፤ ነክሰህ አውጣ።»

ነከስኩ። ወስዳ ወደ መብራቱ አዞረችውና እንደ ደብዳቤ አነበበችው።

«በቀኝ መንጋጋህ አትነክስም።»

«እነክሳለሁ እንጂ።»

«አትነክስም። ያ የነገርኩህ ጥርስ ነው። ሐኪሙ ጋ ሄጃለሁ አላልከኝም?»

ቱና እንዲህ አፍ ያወጣል ብሎ ማን አሰበ። «ወደ አባትሽ ጉዳይ እንመለስ» አልኩ።

እሷ ግን አንድ ነገር አሳስቧታል። እኔ ተነግሮኝ ነው ሳልቦጭቅ ያወጣሁት። እሳቸው ነክሰው ከገነጠሉት ቅርጹ ይጠፋል፤ የሚነበብ ነገር አይተርፍም። ነክሰህ ቁም ቢባሉ ደግሞ ይጠረጥራሉ። ሳንድዊቾቹን ስትደረድር ቆየችና ድንገት ለብቻዋ ፈገግ አለች። ምን እንዳሰበች ብጠይቃት «አንተ ብቻ እንዳትደነግጥ» አለችኝ።

አባ ፍሬን ሳሎን ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ሳህኑን ስታስቀምጥ ገና ሳያዩት «በልቻለሁ» አሉ።

«ብላ መች አልኩህ አባዬ? ሥራ ቦታ ድግስ አለ፤ ሳንድዊች አንቺ አምጪ ተብያለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ሰዎቹ ያውቁሻል?»

«ለዚያ እኮ ነው ፈታኝ የፈለግኩት። ይሄ ባሌ የተባለው ሰውዬ ምን ብሰጠው ጥሩ ነው ይላል።»

ፈታኝ የምትለው ቃል ስትወጣ ሰውየው ጀርባቸውን አቀኑ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሳህኑን አዙረው ሳንድዊቹን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ መረመሩት፤ ጎንበስ ብለው ሥሩንም አዩ። ጎማውን በእግር መምታት ብቻ ነበር የቀራቸው።

«አካሉ ጥሩ ነው» አሉ። «ክፍሌ ወስጄ ልፈትነው።»

«ፈተና በር ተዘግቶ ይሆናል እንዴ? አንተ ተፈታኙን ሳታስቀምጥ ፈትነህ ታውቃለህ?»

በዚህ ተያዙ። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ የራሴን እየበላሁ ነው። ወደ በሩ አዩ። የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ወደ ከፋ ፈተና እንደሚገባ ተማሪ ተንፍሰው ሳንድዊቹን በሁለት እጅ አነሡ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ እስከ መንጋጋ አስገብተው ነከሱ።

«ፍሬን!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ።

የሰው አካል የማይረሳው ነገር አለ። አባ ፍሬን ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን ረገጠ፤ መንጋጋቸው ባለበት ቀጥ አለ፤ ዓይናቸው መንገዱን ፍለጋ ፈጠጠ። እኔም፣ እንዳትደነግጥ የተባልኩት ሰውዬ፣ ሳህኔን ለቀቅሁት። እሷ ግን በዚያች ቅጽበት ሳንድዊቹን ከጥርሳቸው መሐል ቀስ አድርጋ፣ ሳትቦጭቅ፣ አወጣችውና ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ከአፌ ላይ!» አሉ እሳቸው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «የገዛ ልጄ! ከአፌ ላይ!»

እሷ መስኮቱ ሥር ቆማ ሳንድዊቹን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ታየዋለች። ሄጄ በትከሻዋ በኩል አየሁ። እኔ እንኳ አየሁት። ሁለቱ የፊት ጥርሶች የላይኛውን ዳቦ አልፈው ቱናው ውስጥ ጠልቀዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ዳቦውን ነክተውታል ከተባለ በትሕትና ነው። መንጋጋዎቹማ ዝር አላሉም። ሰውየው ሲነክሱ የፊቶቹ ቀድመው ያርፋሉ፣ የኋላው ከድዱ ይነሣል፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ጥርሱ በሙሉ አፋቸው ውስጥ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል ማለት ነው።

«ረዝመዋል» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱ። እኔ ነኝ ያስረዘምኳቸው።»

አባ ፍሬን ነገሩ ገባቸው። ከሳንድዊቹ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ እኔ አዩ። «ያ ፀጉር አስተካካይ!» አሉ።

«አባዬ፣ ያምህ ነበር?»

«ጥርሱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ እንጂ አያያዙን...»

«አባዬ!»

ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል፤ ተነሥቼ አጠፋሁት።

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አሉ በመጨረሻ። «መስታወቱ ፊት ቆሜ ስስቅ አለቀስሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እኔን አይተሽ ደስ ሲልሽ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ ምን ልበልሽ? ጎረበጠኝ ልበልሽ?»

«አዎ! ጎረበጠኝ በለኝ! ሥራዬ እኮ ነው!»

«ሳቁስ? ከቆረጥሻቸው ያ ሳቅ ይሄዳል።»

ባለቤቴ ሳንድዊቹን እንደያዘች አጠገባቸው ተቀመጠች። ዓይኗ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን የሥራ ድምፅ ነው። «ያን ፎቶ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አፍህን ማየት ሲገባኝ። ጥርስ የሠራሁት ለፎቶው ነው፤ ፎቶው ደግሞ አይበላም። አምጣ።»

እጇን ዘረጋች። እሳቸው ወደ እኔ አዩ። ዞር አልኩላቸው። ኮት መሐረብ የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ በቀጥታ መዳፏ ላይ አኖሩት።

ትንሿ የጥርስ መሞረጃ ሞተሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ አፍንጫዋን ሸፍና ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ እጇ ሲያመነታ አየሁ፤ የመጀመሪያዋን ጥርስ ከመንካቷ በፊት። ያንን ሳቅ ለማምጣት ስንት ቀን እንደፈጀባት አውቃለሁ። ከዚያ ሞተሯ ጮኸች። ትንሽ ትሞርዳለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ትንሽ ትሞርዳለች። ነጭ ብናኝ ጉልበቷ ላይ ወረደ።

እኛ ሳሎን ቀረን። አባ ፍሬን አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነዋል።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ በጣታቸው መሐል።

«ምንም አላይም አባባ።»

«እንደሱ በል።» ወደ ሳህኑ አዩ። «ያ ነገር ግን... ሽታው አይከፋም።»

የተነከሰውን ሳንድዊች አስጠጋሁላቸው። ውስጡን በማንኪያ እየጠረጉ በድዳቸው ጨረሱት። ለቦሎቄው ልጣጭ እኔም እንደለፋሁ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አፋቸው ሥራ ላይ ስለሆነ ተውኩት።

ባለቤቴ አጥባ አመጣችላቸው። አደረጉት። የቱ ጥርስ ቀድሞ እንደሚያርፍ በቀለም የሚያሳየውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ አሁን በግልጽ አስነከሰቻቸው፤ አየች፤ ወደ በረንዳ ተመለሰች፤ መጣች፤ እንደገና አስነከሰች። ሁለቱ የፊት ጥርሶች አሁን ከሰልፉ አልወጡም። አንድ ያልተነካ ሳንድዊች እፊታቸው አኖረች።

«ፍሬን የሚል የለም?» አሉ።

«የለም።»

ነከሱ። ዳቦው ተቆረጠ፤ ገነጠሉት። ግራ ጉንጫቸው ሞላ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር የኪያሩ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ እንደ በረዶ ጠጠር። ባለቤቴ የምታየው ፊታቸውን አይደለም፣ ጆሮአቸው ሥር ያለችውን የመንጋጋ ጡንቻ ነው። ዋጡ። ደግመው ነከሱ። እስከ ጠርዙ፣ ከነጠርዙ፣ በሉት።

«እህ?» አለች።

አባ ፍሬን አፋቸውን ጠረጉ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በቤታችን ከተቀመጡ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው የፈታኝ ድምፅ ተናገሩ።

«ሎሚ አነሰው። ሽንኩርቱ በዛ። ወድቀሻል።»

ባለቤቴ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ የሳቀች መሰለኝ፤ አልገለጥኳትም።

«ሌላ አምጪ፤ እንደገና ትፈተኛለሽ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሶፋ፣ እህቴ ጋ ደውል። ቅዳሜ አይመጣም በላት።»

ደወልኩ። እህታቸው አልጋ ዘርግታ፣ መጋረጃ አጥባ ኖሯል፤ ተናደደች። «ምን ሆኖ ነው? እሱ ራሱ ለምን አይነግረኝም? አቅርበው!»

ዞሬ አየኋቸው። የእኔን ሳህን ወደ ራሳቸው ስበው፣ ቅድም ከእጄ ሲወድቅ የተረፈውን ሳንድዊቼን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አሁን አይመቻቸውም» አልኳት። «እያኘኩ ነው።»